ቤተ ሰብን ወደ እግር ኳስ ሜዳ ስለ መውሰድ

በዚህ ዐምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ባልና ሚስት አኗኗር በየጊዜው ስንጽፍ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቤት ውጭ ስለሚሠራ፣ ነገር ግን ፍሬው ወደ ቤት ስለሚገባ አንድ ጉዳይ ልንናገር ወደድን፤ ይኸውም ለጉዳይ ወደ ከተማ የወረደ ሰው ባለቤቱንና ልጆቹን አስከትሎ የእግር ኳስ ግጥሚያ ለማየት ቢሄድ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው።

ከጋፋትና ከደብረ ታቦር፣ ከፋርጣ፣ ከእስቴና ከጋይንት የሚነሣ ሰው ለይግባኝ፣ ለሕክምና ወይም ለዕቃ ግዢ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡን ይዞ ነው። ከከተማው ከደረሰ በኋላ ግን በዚያ ሰሞን ግጥሚያ የተወሰነ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ካደሩበት ቤት ትቶ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሜዳ ይሄዳል፤ ማታም ድምፁ ጠፍቶ፣ ልብሱ አቧራ ለብሶ ይመለሳል። ለምን አልወሰድኸንም ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያ ቦታ ለሴትና ለልጅ አይሆንም፤ ግፊያ አለ፣ ስድብ አለ ብሎ ይመልሳል።

ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምተነዋል። ሐሰት ነው አንልም፤ ግፊያም ስድብም አለ። ነገር ግን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ስድቡን የሚሰድበው ማን ነው? ከሰማይ የወረደ ሌላ ፍጥረት አይደለም፤ ያው የሰው ባልና የሰው አባት ነው። በቤቱ ጨዋ የሆነ፣ በማኅበር ላይ ጸበሉን ቆሞ የሚቀበል፣ በመሥሪያ ቤቱ አለቃውን እጅ የሚነሣ ሰው፣ ከሜዳው ወንበር ላይ ሲቀመጥ ለልጁ ሊያሰማው የማይደፍረውን ቃል የሚናገር ከሆነ፣ ልጁ ከቤት እንዲቀር የተደረገው ለልጁ ታስቦ ነው ወይስ ለአባቱ? ስለዚህ እኛ፣ ቤተ ሰብ ወደ ሜዳ ይሂድ ከሚሉት ወገን ነን።

የአባቶቻችን ጨዋታ ከቤተ ሰብ የተሰወረ አልነበረም። በልደት ቀን ገና ሲመታ፣ በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ሲጋለብ፣ እናቶች ከዳር ሆነው እልል ይላሉ፤ ልጆች ሩሩን ተከትለው ይሮጣሉ፤ ሽማግሎች ከጥላ ሥር ተቀምጠው ይፈርዳሉ፤ ካህናትም ያያሉ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የተባለውም ለዚህ ነው፤ የቤቱ ሎሌ የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢመታ በዚያ ቀን ነገሩ በሣቅ ያልፋል እንጂ ወደ ችሎት አይሄድም። እንዲህ ያለው ትዕግሥት በአደባባይ፣ በሚስትና በልጅ ፊት የሚደረግ ስለ ነበር ልጁ ያንን አይቶ ያድጋል። የእግር ኳስ ጨዋታ ከውጭ አገር የመጣ ቢሆንም፣ ሰው የሚያይበት ዓይንና የሚታገሥበት ልብ ከዚያው ካገራችን ሜዳ የተገኘ ነው።

እኛም ነገሩን በአፍ ብቻ እንዳንናገረው በኅዳር ወር 2012 ዓ. ም. በሥራ ሞክረነዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ኅዳር 9 ቀን፣ ማክሰኞ፣ በባሕር ዳር ስታዲዮም ከኮትዲቯር ቡድን ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ እንደሚጋጠም በተነገረ ጊዜ፣ እማሆይ፣ ማለት የባለቤታችን እናት፣ ዓይናቸውን ለመታከም ወደ ባሕር ዳር ሊወርዱ ተሰናድተው ነበር። ጉዞውን ከግጥሚያው ቀን ጋር አገናኝተን፣ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻችንንና ታናሺቱን ሴት ልጃችንን ከትምህርት ቤታቸው አስፈቅደን፣ ስድስት ሆነን ተነሣን። እማሆይ ሐኪም ቤት ብቻ የሚሄዱ መስሏቸው ነበር፤ ኳሱ የተነገራቸው ወረታ ከደረስን በኋላ ነው። «እኔ መነኵሴ ነኝ፤ ምን ልሠራ?» አሉ። «ልጆቹን ይጠብቁልናል» ብላ ባለቤታችን መለሰች፤ በዚህም ነገሩ አለቀ።

አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩበት ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። ያ መድፍ በ1860 ዓ. ም. ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ተራራው እየተናደ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጐተተ ወራት ፈጅቷል። እኛ ኳስ ለማየት ወደ ምዕራብ የወረድንበትን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን በአውቶቡስ ምሳ ሳይደርስ ጨረስነው። በመንገድም የፎገራን ሜዳ ሩዝ፣ የጉማራን ድልድይ፣ ከሐሙሲትም በኋላ የጣናን ዳር ለልጆቹ እያሳየን ሄድን። ያን ጊዜ ወደ ከተማው የገባነው በአሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ ነበር፤ ዛሬ የሚሄድ ሰው በ2016 ዓ. ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን ድልድይ ያገኛል፤ ልጆችን ለማሳየት እርሱ ራሱ አንድ ጉብኝት ነው።

እዚህ ላይ ለእመቤቶች የሚጠቅም ጥቂት ነገር ብንጨምር ደግ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ሲሆን ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የጉና ብርድ ለለመደ ልጅ የተሰፋ ወፍራም ሹራብ ከባሕር ዳር ፀሐይ በታች ቅጣት ነው። ስስ ልብስ ከውስጥ አልብሶ ሹራቡን ለማታ መያዝ ይሻላል። ባርኔጣና ውሃ አይረሳ። የነቢያት ጾም ገና አልገባም ነበርና ባለቤታችን ሥንቁን በእንቁላልና በድፎ ዳቦ አሰናድታለች፤ ቆሎም ነበረ። ቆሎ ለሜዳ እጅግ የተመቸ ሥንቅ መሆኑን በዚያ ቀን ተረድተናል፤ አፍ ቆሎ ሲይዝ ሌላ ነገር መናገር አይችልምና።

የመግቢያ ወረቀት አስቀድሞ ካልተገዛ በበሩ አጠገብ በእጥፍ የሚሸጡ ሰዎች ስለሚገኙ፣ ቤተ ሰብ የያዘ ሰው በዋዜማው ቢገዛ ይመረጣል። ልጅ በግፊያ መካከል ቢጠፋ የት እንደሚገናኙ አስቀድሞ ቦታ መወሰን፣ የአባቱንም ስምና የስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፎ በኪሱ መክተት ይገባል። መቀመጫም ሲመረጥ ከመካከል ይልቅ ለመውጫው የቀረበው ይሻላል፤ ልጅ ሽንቱ የሚመጣው ግብ ሊገባ ሲል ነው። በበሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ዱላና ጃንጥላ አይገባም። የእማሆይም መቋሚያ እዚያው ሊቀር ሲል፣ ፈታሹ ወጣት ቆባቸውን አይቶ ጥቂት አሰበና፣ «እማሆይ፣ በዚህ ሰው አይመቱበትም አይደል?» ብሎ አሳለፋቸው። እርሳቸውም «እንደ ሰዉ ነው» አሉት።

የባሕር ዳር ስታዲዮም ከ50,000 ሰው በላይ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ. ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈው በዚሁ ሜዳ ነው። ከደጋ ለመጣ ልጅ ያን ያህል ሰው ባንድ ቦታ ተቀምጦ ማየት ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው፤ ታናሺቱ ልጃችን፣ «ይህ ሁሉ ሰው የማን ዘመድ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ጨዋታው እንደ ተጀመረ፣ ገና ሰው በወንበሩ ሳይደላደል፣ ኮትዲቯሮች አንድ ግብ አገቡ። በዚያን ጊዜ ያን የሚያህል ሕዝብ ባንድ አፍ ዝም ሲል ልጆቻችን አዩ፤ ይህንንም ማየት ለልጅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን፤ የሚወድዱት ወገን ሲሸነፍ ታላላቆች ምን እንደሚያደርጉ የሚታይበት ሰዓት ነውና። ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ ሱራፌል ዳኛቸው ግቡን አስተካከለ። እማሆይ ዓይናቸው ስላልጠራላቸው፣ «ማን ነው ያገባው?» ብለው ጠየቁ፤ ስሙ በተነገራቸው ጊዜ አማተቡ። ከዚያም ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን አገባ፤ ዕረፍትም ከመሆኑ በፊት 2 ለ 1 ሆንን። እልልታው ከጥምቀት እልልታ የሚለይ አልነበረም፤ ባለቤታችንም በዚያ ቀን ያሰማችው እልልታ በሠርጋችን ቀን ከተሰማው ይበልጣል ብንል አንዋሽም።

ከዕረፍት በኋላ ነው ልንጽፍለት የተነሣንበት ነገር የመጣው። ከኋላችን ደኅና ልብስ የለበሰ አንድ ሰው፣ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጁን ከጐኑ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ዳኛው በእኛ ቡድን ላይ ቅጣት በነፋ ቍጥር ይህ ሰው ይነሣና የዳኛውን እናትና አባት እየጠራ ይሳደባል። ልጁም፣ የኔታ እንደሚያስቀጽሉት የንባብ ተማሪ፣ የአባቱን ቃል ሳያጓድል እየተከተለ ይደግማል። የኔታ ፊት ዳዊት የቈጠርን ሰዎች ልጅ ቃል የሚይዘው እንዲህ መሆኑን እናውቃለን፤ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አንድ ጊዜ ከገባ አይወጣም።

በዚህ ጊዜ ታናሺቱ ልጃችን ወደ እኛ ዘወር ብላ፣ «አባባ፣ ዳኛ ይሰደባል እንዴ? እርስዎ በሚጽፉበት ችሎት ዳኛውን እንዲህ ይሏቸዋል?» አለች። እኛ ገና መልሱን ስናሰላስል፣ እማሆይ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ ዞሩና፣ «በሕግ አምላክ! በልጅህ ፊት?» አሉ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያም ነጠላውን አስተካክሎ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ» ብሎ ተቀመጠ። ስድቡ ከሜዳው ሁሉ ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ ከወዲያ ማዶ ይሰማ ነበር። በእኛ ዙሪያ ግን፣ እስከ ሰባት ረድፍ ድረስ፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ክፉ ቃል አልተሰማም። ግጥሚያውም በዚያው በ2 ለ 1 ተፈጸመ።

እኛ ያን ቀን ለልጃችን የሰጠናት መልስ አጭር ነበር፤ ነገሩን ለአንባቢዎቻችን ግን ሰፋ አድርገን ልንገልጸው እንወዳለን። በቋንቋችን በችሎት የሚፈርደውም፣ በሜዳ ፊሽካ የሚነፋውም በአንድ ስም ዳኛ ይባላሉ። ሌሎች ሕዝቦች ለሁለቱ ልዩ ልዩ ስም አላቸው፤ እኛ ግን ጨዋታው ሲመጣ አዲስ ስም ሳንፈልግ፣ አባቶቻችን በዛፍ ሥር ያስቀመጡትን ያንኑ ሰው ጠርተን በሜዳው መካከል አቆምነው። ቀድሞ በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ፣ የሚያልፈውን መንገደኛ አቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር፤ ያም የማያውቀው ሰው፣ ሹመት ሳይኖረው፣ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ሰምቶ ይፈርድላቸዋል። የተበደለ ሰው፣ የዳኛ ያለህ! ብሎ ሲጮህ የሰማ ሁሉ ይቆማል። በሕግ አምላክ የተባለም ሰው የሰነዘረውን ዱላ እንኳ ሳይመታ ይመልሳል። የሜዳው ፊሽካ ከዚህ ምን ይለያል? ሃያ ሁለት ጐልማሶች በሩጫ ላይ ሳሉ በአንድ ትንፋሽ የሚያቆማቸው ፊሽካው በሕግ አምላክ ስለሚል ነው።

ስለዚህ ልጅ በሜዳ የሚሰማው ስድብ በሜዳ አይቀርም። ዳኛ የሚለውን ቃል ከስድብ ጋር አያይዞ የያዘ ልጅ፣ ነገ በርስትም ይሁን በደም ነገር በእውነተኛው ችሎት ፊት ሲቆም፣ ያንኑ ቃል ይዞ ይቆማል። እኛ በሙያችን የተሟጋቾችን ቃል ስንጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ የተፈረደበት ሰው ከደጅ ሲደርስ የሚናገረውንም ሰምተናል፤ መዝገብ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ቢሆንም በችሎቱ ውስጥ ችሎት መድፈር ያስቀጣልና አብዛኛው ሰው ቃሉን ውጦ ይወጣል። በሜዳ ግን ሃምሳ ሺሕ ሰው ባንድ ጊዜ ችሎት ቢደፍር ማን ይቀጣዋል? እያንዳንዱ አባት በራሱ ወንበር ላይ ካልሆነ በቀር የሚቀጣው የለም።

የዳኛው ሥራ እንዴት እንደ ተጀመረ ለልጆች ቢነገር መልካም ነው፤ ከእኛ ልማድ ጋር ይመሳሰላልና። እንግሊዞች ጨዋታውን በሕግ ባቋቋሙበት ዘመን፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ዳኛ ይዞ ይመጣ ነበር። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነገሩ ከሜዳው ዳር ወደ ቆመ ሦስተኛ ሰው ይቀርብ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ወደ ሜዳው መካከል ገብቶ የፍርዱን ሥልጣን ያዘ፤ ሁለቱም ወደ መሥመር ዳር ወጥተው ረዳቶች ሆኑ። በእኛ አገር ሽምግልና ከሳሽም ተከሳሽም የየራሳቸውን ሽማግሎች መርጠው፣ ከመካከል የሚሰበስባቸው ሌላ እንደሚቀመጥ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ቢጫውና ቀዩ ካርድ የመጣው በ1962 ዓ. ም. በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ነው፤ ከዚያ በፊት ዳኛው በቃሉ ብቻ ይገሥጽና ያሰናብት ነበር፤ ቋንቋ ለማይግባቡ ሰዎች ግን ቀለም ይሻላል።

የሜዳ ዳኛ ባየው ነገር ላይ የፈረደው ፍርድ ይግባኝ የለውም። በ2010 ዓ. ም. በሩሲያ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ዳኛው ወደ ሜዳው ዳር ወጥቶ የሆነውን ነገር በሥዕል ዳግመኛ እንዲያይ ተፈቅዶለታል፤ ይህም ቢሆን ይግባኝ አይደለም፤ ያው ዳኛ ምስክር ጨምሮ እንደ መስማት ነው። ለዚያ የዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች መካከል ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ አንዱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ2011 ዓ. ም.፣ በፈረንሳይ አገር ለተደረገው የሴቶች የዓለም ዋንጫ ደግሞ ሊድያ ታፈሰ ተመርጣ ሄዳለች። ይህንን የመጨረሻውን ለታናሺቱ ልጃችን በነገርናት ጊዜ ሁለት ጊዜ አስደገመችን።

ዳኝነት ለእኛ ሲሆን እንዴት እንደሚጣፍጥም መታወቅ አለበት። ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዓ. ም. በዚያው በባሕር ዳር ስታዲዮም ከዚምባብዌ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በተደረገው ግጥሚያ፣ መደበኛው ሰዓት አልቆ በተጨመረው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን፤ አስቻለው ታመነም አገባው፤ 1 ለ 0 አሸነፍን። በዚያ ቀን በመላው ኢትዮጵያ ዳኛን የሰደበ ሰው መኖሩን አልሰማንም። ነገር ግን በሐራሬ ከተማ ልጁን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያንን ጨዋታ ሲያይ የነበረ አባት ይኖራል፤ ያ አባት በዚያች ደቂቃ ለልጁ ምን አለው ይሆን? እኛ ልጆቻችንን የጠየቅናቸው ይህን ነው። ታላቁ ዝም አለ። መካከለኛው፣ «የእኛ እኮ ትክክል ነው» አለ። ከወር ጥቂት የበለጠ ጊዜ ቈይቶ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ. ም.፣ በዚያው ሜዳ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፍን።

እነዚህ ሁለት ወንድሞች ደግሞ ለክለቦች ጊዜ አይስማሙም። ደብረ ታቦር ከጎንደርና ከባሕር ዳር መካከል ያለች አገር ናትና፣ ታላቁ የፋሲል ከነማ፣ ታናሹ የባሕር ዳር ደጋፊ ነው። ባሕር ዳር በ2011 ዓ. ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከገባ ወዲህ፣ ፋሲልም በ2013 ዓ. ም. የሊጉን ዋንጫ ከወሰደ ወዲህ፣ በእኛ ቤት ማዕድ ላይ ሁለት ወገን አለ። እኛ ይህን አልከለከልንም፤ እንዲያውም ይጠቅማል እንላለን። በአንድ ትሪ እየበሉ በኳስ የሚከራከሩ ወንድሞች፣ ክርክርና ጠብ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን በቤታቸው ይማራሉ። የከለከልነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተሸነፈው ወገን ወንድም በዚያ ማታ እንጀራ እስኪበላ ድረስ አይቀለድበትም።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተ ሰብ ደግሞ የአዲስ አበባን ስታዲዮም ግጥሚያ ባይኖር እንኳ ከውጭ ቢያየው አይከፋም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው በዚያ ነው። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ግብፅን፣ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ የምትባለውን፣ 4 ለ 2 አሸነፍን፤ ዋንጫውንም አፄ ኃይለ ሥላሴ ለቡድኑ አለቃ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡት። የአዲስ አበባ ሰው ለስታዲዮሙ መቀመጫዎች ያወጣውን ስም፣ ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ የሚለውን ለልጆች ብትነግሩ ይሥቃሉ፤ ሚስማር ተራ ግን ከስሙ እንደሚታወቀው ለእማሆይ አይመከርም።

አንድ የሚያሳዝን ነገር መጨመር ግዴታችን ነው። ስታዲዮሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ከሚጠይቀው ደረጃ በታች ሆነው በመገኘታቸው፣ ብሔራዊ ቡድናችን ከ2014 ዓ. ም. ጀምሮ የሜዳው ባለቤት የሆነባቸውን ግጥሚያዎች በሰው አገር ለማድረግ ተገዶ ነበር። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ. ም. ጋናን የተቀበልነው በጆሃንስበርግ ነው፤ 1 ለ 1 ወጣን። ሰኔ 2 ቀን በዚያው ዓመት ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። ግብፅን ማሸነፍን የሚያህል ነገር የኢትዮጵያ እናት በእልልታ ሳትቀበለው ቀረ። በ2012 ዓ. ም. ከደብረ ታቦር የተነሣ አንድ ቤተ ሰብ በአውቶቡስ ኪራይና በአንድ ድፎ ዳቦ ያየውን ነገር፣ ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ እንዲያይ ሆኖ ነበር። ስታዲዮም ሲሠራ ስለ ሣሩና ስለ መብራቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሴት ልጅና አሮጊት የሚገቡበት ንጹሕ መጸዳጃ ስለ መኖሩም የሚመለከታቸው ሹማምንት ቢያስቡበት እንወዳለን፤ ባለቤታችን ስለዚህ ጉዳይ የተናገረችውን እዚህ ለመጻፍ ዐምዱ አይበቃም።

እስከዚያው ድረስ መንገዱ ሰላም ሲሆንና የክለቦች ግጥሚያ በአቅራቢያ ሲገኝ፣ ቤተ ሰብን ይዞ መሄድ ይቻላል። በዚያው ሌሊት ወደ ደጋው ለመመለስ ግን አትቸኩሉ፤ የጨለማ መንገድ ከማንኛውም ግብ ይበልጣል። እኛም በዚያ ማታ ባሕር ዳር አድረን፣ በማግሥቱ እማሆይን ካሳከምን በኋላ ገበያ ወጣን። ለየልጆቹ አንድ አንድ ነገር እንዲመርጡ ብንፈቅድላቸው፣ ወንዶቹ አንድ ኳስ በጋራ መረጡ። ታናሺቱ ፊሽካ መረጠች። ጋፋት ከተመለስን በኋላ ከቤታችን በታች ባለው መስክ ላይ ልጆች ሁሉ በእርሷ ዳኝነት መጫወት ጀመሩ፤ ለገና ሰሞንም መካከለኛ ወንድሟን በእጁ ነክቷል ብላ ከሜዳ አስወጣችው። እርሱም እያለቀሰ ወደ እኛ መጥቶ ይግባኝ አለ። የሜዳ ፍርድ ይግባኝ የለውም ብለን መለስነው። ከዚያ ወደ እማሆይ ሄደ፤ እርሳቸውም ዓይናቸው ድኖ ሁሉን ከደጃፉ ሲያዩ ውለው ነበርና፣ «ነክተሃል» ብለው ቆሎ ሰጡት።